የክኒኑ ማግስት

ተርሎ ፒንክሃም የእንቅልፍ ክኒን መዋጥ በጀመረ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ጀልባው የወረደው እያፏጨ ነበር። እህቱ ኮርሊስ ፉጨቱን ስትሰማ የጎማ ሱሪዋን አንድ እግር አግብታ ሌላውን እንዳንጠለጠለች ቀረች። ወንድሟ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ሲያፏጭ የሰማችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ አልቨርዳ አገባሃለሁ ብላው፣ አንዴ ደግሞ የባላጋራው የኤምሪ ጀልባ ሞተር ሲቃጠል።

"ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?"

"ምን ይነካኛል! ተኛሁ። ሰው ሲተኛ እንዲህ ነው፤ አንቺ ረስተሽው ይሆናል።"

"ስንት ሰዓት ተኛህ?"

"አራት።"

"አራት ሰዓትም እንቅልፍ ሆነና! የኔ ድመት በአንድ ጎኗ ብቻ ከዚያ በላይ ትተኛለች።"

"ድመትሽ ሥራ የላትም" አለና ሞተሩን አስነሳ።

አልቨርዳ የሞተችው በየካቲት ነው። ከዚያ ወዲህ ተርሎ አልጋው ላይ ጋደም ይላል እንጂ አይተኛም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ዓይኑ እሱ እንደሚያጠምደው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ፣ እንደ በሰለ ሎብስተር ቀላ። በመጨረሻ ኮርሊስ ጎትታ ከተማ ወሰደችው፤ ሐኪሙም ክኒን አዘዘለት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረችው መነጽር ያደረገች ልጅ ጠርሙሱን ስትሰጠው፣ "ከዋጡት በኋላ ሙሉ ሰባት ስምንት ሰዓት ካልተኙ መኪናም ማሽንም እንዳይነኩ" አለችው። "የነቁ ይመስልዎታል፤ አእምሮዎ ግን ገና ከአልጋ አልወረደም።"

"ጀልባ ማሽን አይደለም" አላት ተርሎ።

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ጀልባ ነዋ።"

ልጅቷ ኮርሊስን አየቻት፤ ኮርሊስም ጣሪያውን አየች።

በብላክ ሌጅ ወደብ ሎብስተር አጥማጅ የሚተኛው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የሚነሳውም ሊነጋ ሲል፣ አሥር ሰዓት ላይ። ተርሎ ክኒኑን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ቢውጠው ልጅቷ ያለችው ሁሉ በሞላ ነበር። እሱ ግን በየቀኑ፣ "ዛሬስ ያለሱ ይወስደኝ ይሆናል" እያለ ይጠብቃል። ሲገላበጥ፣ አልጋው ባዶ በሆነበት በኩል እጁን ሲዘረጋ፣ ሲመልስ፣ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ያኔ ይውጠዋል። ኮርሊስ ይህን ታውቃለች። ብትነግረውም፣ "ቢወስደኝስ?" ይላታል።

በእነዚያ አሥር ቀናት ያየቻቸውን ትንንሽ ነገሮች ስትስቅባቸው ነበር የሰነበተችው። ማክሰኞ ቴርሞሱን ማባበያው ዓሣ ያለበት በርሜል ውስጥ ከተተው። ሐሙስ አንድ የጥርስ ሐኪም ታሪክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነገራት፤ ሁለተኛውን ጊዜ መጨረሻውን ለወጠው። እሷም፣ "ሁለተኛው ይሻላል" አለችው። እሱ ግን ደህና ነኝ ይል ነበር። ደህና ብቻ አይደለም፣ ሃያ ዓመት የተቀነሰልኝ ይመስለኛል ይላል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጉሙ እንደ እርጥብ ሱፍ ባሕሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ስለሠሩ አይነጋገሩም፤ እጃቸው ያውቀዋል። ተርሎ መሪው ጋ ቆሞ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ምልክት በረጅም መንጠቆ ይይዛል፤ ገመዱን ማንሻው ላይ ያደርጋል፤ ወጥመዱ ሲወጣ ይከፍተዋል። ሎብስተሩን ከዓይኑ ሥር እስከ ጀርባው ቅርፊት ጫፍ በናስ መለኪያ ይለካል። ሕግ ከሚፈቅደው ካጠረ ወደ ባሕር ይመልሰዋል። ከሞላ ለኮርሊስ ያቀብላታል፤ እሷ መቀስ በሚመስለው መቆንጠጫው ላይ ላስቲክ ታጠልቅና በርሜል ትከታለች። ከዚያ ባዶውን የማባበያ ከረጢት ፈትታ በዓሣ የተሞላ ታስራለች። ፊቷ ወደ ጀልባው ኋላ ነው። ምልክቱን አታይም፤ ማየትም አያስፈልጋትም ነበር። ተርሎ የራሱን ምልክት መሳቱ የራሱን አፍንጫ መሳቱ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥንድ ወጥመድ ሲወጣ አንዱ ሎብስተር እጇ ውስጥ ትንሽ መሰላት። "ይቺ ሞልታለች?" ብላ ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ተርሎ በሃምሳ ዓመት አንድ አጭር ይዞ አያውቅም። ላስቲኩን አጠለቀችላት።

ስድስተኛው ጥንድ ላይ ባዶውን የማባበያ ከረጢት ስትፈታ እጇ ቆመ። ከረጢቱ አረንጓዴ ነው። የነሱ ብርቱካናማ ነበር፤ ከመሞቷ በፊት በበረዶው ወራት አልቨርዳ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የሰፋቻቸው። ኮርሊስ በርሜሉ አጠገብ የጣለቻቸውን አየች፤ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ስንት አረንጓዴ ከረጢት እንደፈታች እሷም አላስተዋለችም፤ እጅ የለመደውን ሲሠራ ዓይን ያርፋል። ቀስ ብላ ዞረችና ተርሎ ሊመልሰው የያዘውን ምልክት አየች። ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ መቀነት አለው። የነሱ ነጭ ሆኖ መቀነቱ ነው ቀዩ።

"ተርሎ።"

"እ?"

"እሱን ጣለውና ሞተሩን አጥፋ።"

"ምን ሆነሻል? ገና ስንት ይቀረናል።"

"የኤምሪ ነው።"

"ምኑ?"

"ሁሉም።"

ተርሎ ምልክቱን አየ። ገለበጠው። ሌላው ጎኑ ነጭ ይሆን ይመስል መልሶ ገለበጠው። ኮርሊስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጠዋት የነቃ ሰው ፊት አየች።

በብላክ ሌጅ ሰው ሰክሮ ቢደባደብ ይረሳለታል። ሚስቱን ቢፈታ ይታዘንለታል። የሌላ ሰው ወጥመድ ከጎተተ ግን ማንም አይጮኽበትም። በመጀመሪያ ምልክቱ አንገት ላይ ሁለት ዙር ቋጠሮ ያገኛል፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ ገመዱ ተቆርጦ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሬዲዮ ላይ ቢያወራ መልስ አያገኝም። ሕጉ የማጥመድ ፈቃድ ይነጥቃል፤ ሰፈሩ ግን ስም ነው የሚነጥቀው፤ እሱ ደግሞ በማመልከቻ አይመለስም። ተርሎ በልጅነቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ አይቷል። የዚያን ሰው ስም ዛሬም ማንም አይጠራውም።

እና ከሰው ሁሉ መርጦ የጎተተው የኤምሪ አሌይን ነው። ኤምሪ ሰባ ዓመቱ ነው፤ እንደ መርከብ ምሰሶ ረጅምና ደረቅ። ከተርሎ ጋር በአንድ የባሕር ወለል ቁራጭ ተጣልተው ሠላሳ ዓመት ራስ በመነቅነቅ ብቻ ነው ሰላም የሚባባሉት።

"እንመልሳቸው" አለ ተርሎ ቀስ ብሎ።

"የት?"

"ወጥመዶቹ ውስጥ።"

"እንግዲህ ለመመለስ እንደገና መጎተት ሊኖርብህ ነው። አንዴ የጎተተ ሰው ተሳስቷል፤ ሁለቴ የጎተተ ግን ሥራዬ ብሎ ይዞታል።"

"ባሕር ውስጥ ብንለቃቸውስ?"

"ላስቲክ አጥልቄላቸዋለሁ እኮ። በሠርግ ልብስ እንሸኛቸው?"

ተርሎ የበርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "ማታ ቤቱ ሄጄ ብቻውን እነግረዋለሁ።"

"ብቻውን ብትነግረው ነገ ሁሉም በየራሱ ይሰማዋል። ያኔ ተርሎ ኤምሪን ለምኖ አፉን አስያዘው ይባላል። አሁን፣ ሁሉም እየሰማ ንገረው።" የሬዲዮውን መነጋገሪያ ነቅላ ሰጠችው።

ተርሎ መነጋገሪያውን የሚነክስ ነገር እንደያዘ ሆኖ ያዘው። ባሕሩ ላይ ያሉት አሥራ አራቱም ጀልባዎች በዚያ መስመር ላይ እንዳሉ ያውቃል። ቁልፉን ተጫነ።

"ኤምሪ፣ ተርሎ ነኝ።"

"ቀጥል።"

"ከድንጋዩ በስተሰሜን ያሉትን ወጥመዶችህን ጎትቻለሁ።"

በሬዲዮው ውስጥ የኤምሪ ሞተር ሲጠፋ ተሰማ።

"ድገመው" አለ ኤምሪ።

"አልሰማኸኝም?"

"ሰምቼሃለሁ። ሬዲዮዬ ደህና ነው፤ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት።"

"ወጥመዶችህን ጎትቻለሁ። ስድስት ጥንድ። ሎብስተሩ እኔ ጋ ነው። ተሳስቼ ነው።"

"የኔ ቀይ ነው። ያንተ ነጭ ነው። እንዴት ነው የምትሳሳተው?"

ተርሎ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳና ኮርሊስን አየ። "ጉሙ ነው ልበለው?"

"በለው። እስክትሞት ድረስ ጉሙ ይሉሃል።"

"ሌላ ምን ልበል ታዲያ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

ያውቃል። ኮርሊስም ምን እንደከበደው ታውቃለች። በቀብሩ ዕለት እንኳ እነዚህ ሰዎች ፊት ዓይኑን አላበሰም፤ ሰዎች እጁን ሲጨብጡት፣ "መንገዱ አላስቸገራችሁም?" እያለ ስለ በረዶው ሲጠይቃቸው ነው የዋለው። ቤቱ ውስጥ ስላለው ባዶ አልጋ ለእህቱ እንኳ በቅጡ አውርቶ አያውቅም። አሁን ለአሥራ አራት ጀልባ ሊናገር ነው። ካልተናገረ ደግሞ ሌባ ነው።

ቁልፉን ተጫነ።

"የእንቅልፍ ክኒን እየዋጥኩ ነው" አለ። "አልቨርዳ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ውጬ አሥር ሰዓት ተነሳሁ። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ነግራኝ ነበር። ደህና ነኝ ብዬ ነው። እውነቴን ነው የምልህ ኤምሪ፣ ጠዋት እያፏጨሁ ነው የመጣሁት።" ቁልፉን እንደተጫነ ጉሙን አየ። "ደህና አልነበርኩም።"

ኮርሊስ የጀልባው ጎን ላይ ውሃው ሲመታ ሰማች። ከዚያ ኮልቢ የሚባለው፣ ጀልባ ከገዛ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ዝምታ አይወድም ነበርና ገባ።

"ካፒቴን ተርሎ፣ አይጨነቁ። አክስቴም እሱን ክኒን ውጣ በማግስቱ ውሻዋን ልታጥብ ወጥታ የጎረቤቱን ውሻ አጥባ ገባች። ፀጉሩንም ቆረጠችው።"

"ኮልቢ፣ ከመስመሩ ውረድ" አለ ኤምሪ።

"እሺ።"

ሌላ ድምፅ፣ ማን እንደሆነ ያልተናገረ፣ ገባ። "ባለፈው ወር የኔ ወጥመዶች ባዶ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ያኔም ክኒን ነበር?"

ተርሎ መነጋገሪያውን እንደገና ወደ አፉ አስጠጋ። ክኒኑን የጀመረው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ይህን ማን ይመሰክርለታል? እህቱ? ኤምሪ ብቻ መለሰ፤ "ወደ ማቆሚያው አምጣው" አለና ሬዲዮውን ዘጋ።

ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጀልባዎች ተመልሰው ነበር። ሁሉም ሥራ የያዘ ይመስላል። አንዱ ያልተተበተበ ገመድ ይፈታል። ሌላው ንጹሕ ባልዲ ያጥባል። ኮልቢ የራሱን ጀልባ ስም ዛሬ ገና እንዳየው ሁሉ ቆሞ ያነባል። ኤምሪ ብቻ ምንም ሳይሠራ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

ተርሎ ሎብስተሮቹን ያዛወረበትን ሳጥን ተሸክሞ እግሩ ሥር አስቀመጠለት። "ይኸውልህ።"

ኤምሪ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ከፈተ። አንዷን አንስቶ አገላበጣትና መለሳት። ሌላ አነሳ። ሦስተኛዋን ሲያነሳ ቆም አለ። ኪሱ ገባና የራሱን የናስ መለኪያ አወጣ። ከዓይኗ ሥር ገጠመው። የመለኪያው ጫፍ ቅርፊቱን አልፎ አየር ላይ ቆመ።

ባልዲ የሚያጥበው ሰው ማጠቡን ተወ።

"ይቺን ማን ለካት?" አለ ኤምሪ።

"እኔ" አለ ተርሎ።

"በምን? በምኞት?"

ላስቲኩን ፈትቶ ባሕር ውስጥ ጣላት። ሌላ አነሳ፤ ለካ፤ አጭር ናት፤ ጣላት። አንድ ሌላም አገኘ። ኮርሊስ እጇ ውስጥ ትንሽ የመሰለቻት ከነዚህ አንዷ እንደሆነች አወቀች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ኤምሪ ወገቡን አቃንቶ፣ ስለ ባለፈው ወር በሬዲዮ የተናገረው ማን እንደሆነ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ገመድ ወደሚፈታው ሰው ዞረ።

"ሌባ ቢሆንማ ይለካ ነበር" አለ። "ይህን ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ስጠላው ኖሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ። ነቅቶ ቢሰርቀኝ ኖሮ አንድ አጭር አያመጣልኝም ነበር። ሦስት አጭር! ተርሎ ፒንክሃም! እናቱ እንኳ አታምነውም።"

ኮልቢ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ገመድ የሚፈታው ሰው፣ "እንዲያው ጠየቅኩ እንጂ" አለና ገመዱን እንደገና ተበተበው።

ተርሎ ግን አልሳቀም። ስሙ እንደተረፈለት የገባው አይመስልም፤ አጭሮቹ የሰጠሙበትን ውሃ ነበር የሚያየው።

"ስለካ አይተሽኛል?" አላት ኮርሊስን።

"አይቼሃለሁ። መለኪያውን ታስቀምጣለህ፤ ከዚያ ራቅ አድርገህ ታያለህ፤ ከዚያ ታቀብለኛለህ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ነህ ብዬ ነዋ። አንዷ ታንሳለች ብዬ አስቤ፣ ተርሎ ከለካት አበቃ አልኩ።" እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። "የኔም ጥፋት አለበት። ስስቅብህ ነበር የሰነበትኩት፤ በቴርሞሱም፣ በጥርስ ሐኪሙም።"

"ደህና ነበርኩ እኮ፤ ማለቴ..." ቃሉን ፈለገ። "ደክሞኝ ቢሆን አውቀው ነበር። የሚያስፈራው እሱ ነው። እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም ነበር።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ ኤምሪ። ሳጥኑን ዘጋና ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ወደየጀልባቸው መበታተን ጀምረው ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ሚስቴ ሜርትል ስትሞት ሁለት ዓመት መኪናዬ ውስጥ ነው የተኛሁት። እጓሮ አቁሜ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም።"

"መኪና ውስጥ?"

"ወንበሩ ይተኛል። በክረምት ግን ይበርዳል።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ነገረኛ የነበርከው ለዚህ ነዋ!" አለች ኮርሊስ።

"አይ፣ እሱ ከዚያ በፊትም ነው" አለ ኤምሪ ቅር ሳይለው። ከዚያ ወደ ተርሎ ዞረ። "ክኒኑን ጣለው አልልህም። ከመኪናው ይሻላል። ግን ወይ በጊዜ ዋጠው፣ ወይ አምሽተህ ከዋጥከው በማግስቱ መሬት ላይ ዋል። ምርጫው ይኸው ነው።"

"መስከረም እኮ ነው። ሎብስተሩ አሁን ነው የሚገባው።"

"መስከረም በየዓመቱ ይመጣል። አንተ ባሕር ውስጥ ከገባህ ግን አትመጣም። እሷንም ይዘሃት ነው የምትገባው" አለና ኮርሊስን በአገጩ አመለከተ።

ተርሎ እህቱን አየ። ይህ ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሐሳቡ አልመጣም ነበር። ወጥመዱን አስቧል፣ ስሙን አስቧል፤ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ድንጋዮቹ መሐል፣ ጀልባውን ይነዳ የነበረው ግማሽ ሰው እንደሆነ ግን አሁን ገና ገባው። እጁ ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ ቆይቶ የሞተሩን ቁልፍ አወጣና ለኮርሊስ ሰጣት።

"አንቺ ጋ ይደር። ጠዋት ስትመጪ የወጥ ቤቱ መጋረጃ ከተዘጋ አምሽቼ ውጫለሁ ማለት ነው፤ አትቀስቅሺኝ። ከተከፈተ ስጪኝ።"

"ከፍተኸው ብትዋሽስ?"

"ዓይኔን አይተሽ ፈትኚኛ።"

"ምን ብዬ?"

"የጥርስ ሐኪሙን ታሪክ አስነግሪኝ። መጨረሻውን ከለወጥኩት ቁልፉን አትስጪኝ።"

በማግስቱ መጋረጃው ክፍት ነበር። ተርሎ ክኒኑን ሳይውጥ ሳይተኛም አድሮ ዓይኑ ቀልቷል፤ ታሪኩን ግን በትክክል ተናገረ። በየወጥመዱ ምልክቱን ሁለት ሁለት ጊዜ እያገላበጠ ስላየ ሥራው እስከ አመሻሽ ቆየ፤ ኮርሊስም፣ "ያገርህን ባንዲራ አገኘህ?" እያለች ስትነዘንዘው ዋለች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ስትደርስ መጋረጃው ተዘግቷል።

በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመች። ወደ ውስጥ ጆሮዋን ጣለች፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ቁልፉን ኪሷ ውስጥ እንደያዘች ወደ ማቆሚያው ወረደች። የማጥመድ ፈቃዱ በተርሎ ስም ስለሆነ እሱ ከሌለ ወጥመዱን መንካት አትችልም፤ ቀኑን ባክኖ ከመዋል ብላ ለኤምሪ ልትሠራለት ጀልባው ላይ ወጣች። ኤምሪ ምንም አልጠየቃትም፤ የተርሎን ቤት አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ሬዲዮውን አነሳ።

"ሁላችሁም ስሙ" አለ። "ተርሎ ተኝቷል። ከመውጫው ውጭ እስከምትንሳፈፈው ቀይ ደወል ድረስ ሞተራችሁን ዝቅ አድርጉ።"

"ካፒቴን ደህና ናቸው?" አለ ኮልቢ።

"ተኝቷል አልኩህ። ለሁላችንም ወጥመድ የሚሻለው እሱ ሲተኛ ነው።"

የተርሎ ቤት ከወደቡ መውጫ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። ጀልባ ሁሉ በሥሩ ያልፋል፤ በሌላ ቀን ቢሆን መስኮቱን የሚያንቀጠቅጠው ጩኸት ነበር። ዛሬ አንድ በአንድ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው እየዘገሙ፣ እያጉረመረሙ አለፉ። ገመድ የሚፈታው ሰውም ከሌሎቹ ሳይለይ ዝቅ አድርጎ አለፈ። ኮልቢ ከሁሉ ኋላ ነበር፤ እሱ ጭራሽ ሞተሩን አጥፍቶ በማዕበሉ ሊወጣ ሞከረና ወደ ድንጋዩ ተገፋ፤ ኤምሪ በእጁ ምልክት እየሰደበው መልሶ እንዲያስነሳ አደረገው።

ኮርሊስ ወደ ኋላ ዞራ መጋረጃውን አየች። አልተነቃነቀም።